ቀለል ያለ የህንድ ዶሮ ማሳላ፦ ክሬሙ ወጥቶ እርጎ ሲገባ አይብ እንዳይሆን ምን ይደረግ?

ሚሚ_ጓዳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቲካ ማሳላ ለ4 ሰው እራት መሥራት ፈልጌ ነበር፤ የያዝኩት አሠራር ግን ቅባቱ በዛብኝ። 700 ግራም የዶሮ ደረት፣ 60 ግራም ቅቤ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 250 ሚሊ ሊትር ወፍራም ክሬም ይላል። ቅቤውን ትቼ ክሬሙን በእርጎ ልተካው አስቤያለሁ። እርጎው ድስት ውስጥ እንዳይቆራረጥ ምን ይደረጋል? ደረቱስ እንዳይደርቅ? ዘይቱንስ እስከ ስንት ማውረድ ይቻላል? ታንዱር (የህንዶቹ የሸክላ ምድጃ) የለኝም፤ ከላይ የሚጠብስ ግሪል ያለው ኦቭን ግን አለ።

ድንብላል፦
መጀመሪያ ክብደቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ቅቤው ወደ 430 ካሎሪ ነው፣ ዘይቱ ወደ 360፣ ክሬሙ ደግሞ ከ800 በላይ። ሩዙና ዶሮው ሳይቆጠሩ ለአንድ ሰው 400 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ዘይቱን 1 የሾርባ ማንኪያ አድርገሽ፣ 120 ግራም እርጎ ለመዘፍዘፊያ፣ 200 ግራም ለመረቁ ብትጠቀሚ ለአንድ ሰው ወደ 80 ይወርዳል። ስለዚህ ዋናው ነገር ክሬሙ ነው። ዶሮው ላይ መቆጠብ ብዙም አያተርፍም።

ወደ እርጎው ስንመጣ፣ አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ አይብ የሚሆንበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፦ ኮምጣጣ ነገር ከሙቀት ጋር ሲገናኝ የወተቱ ፕሮቲን ይያያዝና ውሃውን ይለቃል። አሬራ ቶሎ የሚቆራረጠው ቅባቱ ስለወጣለትና ስለኮመጠጠ ነው። አንቺ የተገላቢጦሹን ምረጪ፦ ቅባቱ ያልወጣለት፣ ገና ያልኮመጠጠ እርጎ። በንጹሕ ሻሽ ቋጥረሽ ለ1 ሰዓት አጥልይው፣ ከማብሰልሽ በፊት ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ከፍሪጅ አውጪው። ለ200 ግራም 1 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት ጨምረሽ እብጠት እስኪጠፋ ምቺው። ዱቄቱ ሲሞቅ ያብጥና ፕሮቲኑ እርስ በርሱ እንዳይያያዝ ይከላከላል። ሽሮ ግን አይሆንም፤ ቅመሙ ሌላ ወጥ ያደርገዋል።

እሳቱን ዝቅ አድርጊና ከመረቁ 3 ጭልፋ ተራ በተራ ወደ እርጎው እየጨመርሽ በጥብጪ። ከሞቀ በኋላ ወደ ድስቱ መልሺውና ቀስ ብሎ መንተክተክ እስኪጀምር ድረስ ሳታቋርጪ አማስዪ። ከዚያ 6 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ካጠረ የሽምብራው ጥሬነት ምላስ ላይ ይቀራል። ሎሚ ከእሳት ከወረደ በኋላ ብቻ።

ከተቆራረጠም አይጣልም። 8 ወይም 10 የተቀቀለ ካሹ ጨምሮ በብሌንደር መምታት መልኩን ይመልሰዋል። ታዲያ ዶሮውን መጀመሪያ አውጪው።

ቁሌት፦
ዘይቱ ላይ እኛ የምንበልጥበት መንገድ አለ። የህንዱ አሠራር ሽንኩርቱን በብዙ ዘይት ይጠብሳል፤ እንደ ዶሮ ወጥ ያለ ዘይት ማቁላላት ግን ያንን ሁሉ ያስቀራል። 350 ግራም ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ አድርገሽ ክተፊና ወፍራም ድስት ላይ በመካከለኛ እሳት አቁላዪ፤ ሊይዝ ሲል 1 ማንኪያ ውሃ ጠብ እያደረግሽ። 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መልኩ ወርቃማ ይሁን እንጂ እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት አይጥቆር፤ ከእርጎ ጋር ይመርራል።

ዘይቱን ጨርሶ ማውጣት ግን አልመክርም። የከሙንና የእርድ ጠረን በቅባት እንጂ በውሃ በደንብ አይወጣም። ሽንኩርቱ ሲደርስ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ የተፈጨ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከያንዳንዱ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ 2 ደቂቃ። ቀጥሎ እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ድንብላል 2፣ ከሙን 1፣ የካሽሚር በርበሬ ወይም ፓፕሪካ 2። እዚህ ላይ 40 ሰከንድ ይበቃል፤ ቅባቱ ትንሽ ስለሆነ ቅመሙ ቶሎ ያርራል፣ ሩብ ስኒ ውሃ በእጅሽ ይኑር። በርበሬያችንን አትጨምሪ። በውስጡ የራሱ ቅመም ስላለ ዶሮ ወጥ ነው የሚወጣልሽ።

400 ግራም የተላጠ ቲማቲምና 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምረሽ 15 ደቂቃ አብስዪ፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ። ህንዶቹ «ዘይቱ ጠለል እስኪል» ይላሉ፤ በ1 ማንኪያ ዘይት ጠለል የሚል ነገር ስለሌለ እሱን አትጠብቂ። ማንኪያ ሲያልፍበት የድስቱ ሥር ለአፍታ ከታየ በስሏል። ፈጭተሽ 200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ጨምሪበት።

ጋራም ማሳላው የእነሱ መከለሻ ነው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ መጨረሻ ላይ። ውስጡ የሚገባው ሄል ከሌለሽ በኮረሪማ ባትተኪው ይሻላል፤ ጠረኑ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። የደረቀ የአብሽ ቅጠል ካገኘሽ 1 የሻይ ማንኪያ በመዳፍሽ አሽተሽ በትኚበት፤ የምግብ ቤቱ ጣዕም ከዚያ ነው። ፍሬውን ፈጭቶ መተካት ግን ምሬት ነው።

ሙቀት_ለኪ፦
ዶሮው ላይ ሁለታችሁም ስላልነካችሁት። ደረቱን ለምን? ቆዳው የተገፈፈ ጭን ከቆዳ አልባ ደረት በካሎሪ ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፣ በዚያ ላይ ለስህተት ሰፊ ነው። ደረቱ ይሁን ካልሽ 4 ሳንቲሜትር አድርገሽ ቁረጪ፤ ካነሰ ግሪሉ መልክ ሳያወጣለት ይደርቃል።

ዝፍዘፋውን ለሁለት ክፈዪ። መጀመሪያ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ 20 ደቂቃ። ቀጥሎ 120 ግራም የጠለለ እርጎ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፓፕሪካ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ከተቻለ ፍሪጅ ውስጥ 3 ሰዓት። ደረት ሎሚ ውስጥ ካደረ ላዩ ይልምና ሲበስል እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ጭን ቢያድርም ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ኦቭኑ ላይ ነው። ከነእርጎው ተደራርቦ ፓትራ ላይ ከተሰጠ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ትርፉን በጣትሽ ጥረጊና ፓትራ ላይ ባለ የብረት ፍርግርግ ሳይነካካ ደርድሪ። ኦቭኑ 240 ዲግሪ ድረስ ቀድሞ ይጋል፣ ፍርግርጉ ከላይኛው እሳት ወደ 12 ሳንቲሜትር ይራቅ። 10 ወይም 12 ደቂቃ፣ አንዴ አገላብጪ። ጠርዙ ነጠብጣብ አድርጎ ሲጠቁር፣ መሐሉ 68 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን አውጪው፤ ቀሪውን መረቁ ውስጥ ይጨርሳል፣ 74 መድረሱን እዚያ ለኪ። ዶሮው የሚገባው እርጎው ከመጨመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የተዘፈዘፈበት ጥሬ እርጎ ወደ ድስቱ አይመለስም፣ ይደፋ።

ይህ ሁሉ ለፈረንጅ ዶሮ ነው። የሀበሻ ዶሮ ግሪል ላይ ጎማ ይሆናል፤ እሱ ከነአጥንቱ ቲማቲሙ ውስጥ በዝግታ ከ1 ሰዓት በላይ ይብሰል፣ እርጎው መጨረሻ ላይ።

ሚሚ_ጓዳ፦
አመሰግናለሁ፣ ጭኑን እይዛለሁ። ሁለት ነገር ብቻ፦ ሰፈሬ ያለው እርጎ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ነው፣ የሽምብራ ዱቄት ከሌለስ የበቆሎ ስታርች ይሆናል? ከምንስ ጋር ይቅረብ?

ድንብላል፦
ይሆናል። ለ200 ግራም 2 የሻይ ማንኪያ ስታርች ይበቃል፤ በቀዝቃዛው እርጎ በጥብጪው፣ ሙቅ መረቅ ላይ በቀጥታ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ቅባት የሌለው እርጎ መንተክተክ አይችልም፦ አሙቂው፣ ልክ ወፈር ሲል አውርጂ። የሽምብራውን 6 ደቂቃ አይፈልግም። ዶሮው መብሰሉን ደግሞ እርጎው ከመግባቱ በፊት ለኪ፣ ከዚያ በኋላ ጊዜ አይኖርሽም።

ቁሌት፦
ለአንድ ሰው 60 ግራም ጥሬ ባስማቲ ይበቃል። ውሃው እስኪጠራ እጠቢ፣ 20 ደቂቃ ዘፍዝፊ፣ ለ1 ስኒ ሩዝ 1 ተኩል ስኒ ውሃ። ኦቭኑ እየጋለ እያለ ከሥር 400 ግራም አበባ ጎመን በከሙንና በትንሽ ጨው አስገቢ፤ ዶሮው ገብቶ እስኪወጣ እሱም ይደርሳል። በእንጀራ የሚበላ ካለም ችግር የለውም፣ ሎሚውን ግን ተዪው፤ እንጀራው፣ እርጎውና ቲማቲሙ ለኮምጣጣነቱ ይበቃሉ።