የኅዳሩ የጃማይካ ጉዞ፦ ከኤርፖርት የሚወስደን መኪና ጉዳይ

ጸሐፊ፦ የማኅበራችን አባላት፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው። ለታንክስጊቪንግ (ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) ሳምንት 31 ሰው ተመዝግቧል። ረቡዕ ሞንቴጎ ቤይ እንገባለን፣ እሁድ እንመለሳለን። የምናርፈው ኦቾ ሪዮስ ነው። ከኤርፖርቱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ባሕሩን ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሐሳቡ የኛ ብቻ የሆነ መኪና ይዘን ሁላችንም አብረን እንድንሄድ ነው። የካንኩኑ ጉዞ መበታተን እንዳይደገም። ሁለት ድርጅቶች ዋጋ ሰጥተውናል። የተሻለው ለአንድ ኮስተር ደርሶ መልስ 720 ዶላር ነው። ሹፌሩ የማኅበሩን ስም መኪናው ላይ ለጥፎ ይጠብቀናል። በረራ ከዘገየ አንድ ሰዓት በነጻ ይቆማል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቀዝቃዛ ቢራም መኪናው ውስጥ አለ። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የደለስ ሹፌር፦ አንድ ኮስተር 31 ሰው ከነሻንጣው አይጭንም። ወንበሩ 29 ገደማ ነው፤ የሻንጣ ቦታው ደግሞ እዚህ ግባ አይባልም። የኋላው ወንበር በሻንጣ ይያዛል። ሃያ ሰው ከነዕቃው ከያዘ ጎበዝ ነው። ወይ ሁለት ኮስተር፣ ወይ አንድ ኮስተርና አንድ ሚኒባስ ነው የሚሆነው። ዋጋ ስትጠይቂ ሰውና ሻንጣ ለየብቻ ቆጥረሽ ንገሪያቸው። የሀበሻ ሻንጣ መሆኑንም አትርሺ።

ገንዘብ ያዥ፦ 31 የተባለው ስሙን የጻፈ ነው። ቀብድ የከፈለ 12 ሰው ነው። መኪና የምንይዘው ለከፈለ ሰው ነው።

ከባልቲሞር፦ ቢራው ምንድን ነው?

ጸሐፊ፦ የአገሩ ቢራ ነው፣ ሬድ ስትራይፕ። እንግዳ ሲቀበሉ ይሰጣሉ። ዋጋው ውስጥ ያለ ነው።

ከባልቲሞር፦ የማኅበሩ ስም ተለጥፎበት፣ ውስጡ ቢራ። ይሄ ነው ዕቅዱ? የምንገባው ኅዳር 16 ነው። ጾመ ነቢያት ገብቷል። ያውም ረቡዕ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ቢራ ጾም አይገድፍም እኮ። ገብስ ነው 😂

ከባልቲሞር፦ ስለ ጾም አንተ አታስተምረኝም።

ነርሷ፦ ሦስት ሕፃናት አሉ። የልጅ ወንበር አላቸው ወይ? ቀድሞ ካልተነገራቸው ይዘው አይመጡም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቢራው «ነጻ» የሚባል ነገር የለም። ሂሳቡ ውስጥ ገብቷል። ካልጠጣነው ይቀንሱልናል? ይጠየቅ።

የደለስ ሹፌር፦ ከቢራው በፊት በረራውን እንነጋገር። ከባልቲሞር ቀጥታ የሚመጡት እኩለ ቀን ላይ ያርፋሉ። በማያሚ ዞረው የሚመጡት ማታ ነው የሚደርሱት። አንድ ሰዓት በነጻ ይጠብቃል የተባለው ለዚህ አይሆንም። የሁሉም ሰው የበረራ ቁጥር ተሰብስቦ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ መከፋፈል አለበት። እኔ በሙያዬ ስንት ዓመት ሰው ከኤርፖርት ሳነሣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠቡ ሁሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የወጣቶች ተወካይ፦ የበረራ ቁጥሩን ለኔ ተዉት። እስከ ሐሙስ ሰብስቤ አስገባለሁ።

የወጥ ቤት ኮሚቴ፦ እኔ ቢራም አልጠጣም፣ ሰውም አልከለክልም። ግን ልጆች ፊት ከጠዋቱ ጀምሮ ጠርሙስ ይዞ መቀመጥ ደስ አይልም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ከጠዋቱ? ስንደርስ ከሰዓት ነው እኮ እትዬ።

ከባልቲሞር፦ ነገሩ የሰዓት አይደለም። ስማችን የተጻፈበት መኪና ነው። አንዱ ፎቶ አንሥቶ ቲክቶክ ላይ ቢለጥፈው ማን ነው መልስ የሚሰጠው? ለቀብር ገንዘብ ስንለምን የሚያየን ሕዝብ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የቲሸርቱ ቂም ነው ይሄ።

ከባልቲሞር፦ ምን አልክ?

ገንዘብ ያዥ፦ አምና ያመጣኸው ቲሸርት ሐሳብ ስላልተመረጠ፣ ዘንድሮ ያገኘኸውን ሁሉ ታደናቅፋለህ።

ከባልቲሞር፦ አምና የተመረጠው ቲሸርት አንድ ጊዜ ታጥቦ ቀለሙን ለቀቀ። የት እንደታተመ፣ ለማን እንደተከፈለ እኔ አልተናገርኩም። ልናገር?

ጸሐፊ፦ እባካችሁ። ድርጅቱን ጠይቄያለሁ። ቢራው ቢቀር ዋጋው አይቀንስም። በምትኩ ውኃና ለስላሳ ያደርጉልናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ካልቀነሱ ቢራው ይምጣ። የከፈልንበትን ትተን ነው የምንወርደው?

ከባልቲሞር፦ ለስላሳ አለ ተብሎ ተነግሮህ እያለ!

ከላውረል፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ባለቤቴም ልጆቼም እንደዚያው። ቢራ ያለበት መኪና ውስጥ ተሳፍሬ አውቃለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። እኔን ያሳሰበኝ በዚህ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ሽንት ቤት የት እንደሚቆም ነው። አንድም ሰው አልጠየቀም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ድምፅ እንስጥ። ቢራ 👍 ለስላሳ 👎

የወጥ ቤት ኮሚቴ፦ ለስላሳን ለምን በታች አደረግኸው?

ከባልቲሞር፦ በድምፅ አላምንም። የደንቡ አንቀጽ ግልጽ ነው። በማኅበሩ ስም በሚደረግ ዝግጅት መጠጥ አይቀርብም።

ገንዘብ ያዥ፦ ያ አንቀጽ ለሐዘን ቤት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከባልቲሞር፦ «በማናቸውም ዝግጅት» ነው የሚለው። አንብበው።

ገንዘብ ያዥ፦ መኪና ዝግጅት ነው እንዴ?

የደለስ ሹፌር፦ ወንድሞቼ፣ ኤርፖርቱ ላይ ምን እንደሚገጥመን ልንገራችሁና ከዚያ ስለ ቢራው ተጣሉ። የመግቢያ ቅጹ ኦንላይን ነው፤ ሳትነሱ ሙሉት፣ አይከፈልበትም። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የምትሄዱ ቆንስላውንና አየር መንገዱን አሁኑኑ ጠይቁ፤ በር ላይ የሚቀር ሰው እንዳይኖር። ከጉምሩክ ስትወጡ ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ሻንጣ ተሸካሚዎች አሉ። ሻንጣችሁን ካነሡላችሁ ጉርሻ ይጠብቃሉ፣ ስለዚህ ነጠላ ዶላር ያዙ። «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ ለሚከተላችሁ መልስ አትስጡ። የምትገቡበት መኪና ታርጋው ቀይ ይሁን። እንደኛ አገር ኮድ 1 ማለት ነው፣ ሰው ለመጫን ፈቃድ ያለው። ያለፈቃድ የሚጭነውን እነሱ «ሮቦት» ይሉታል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይሸፍናችሁም። ደግሞም የሚነዱት በግራ ነው። የመኪናው በርም በግራ በኩል ይከፈታል። ልጆች እንደለመዱት በቀኝ ዞረው መንገድ መሀል እንዳይገቡ።

የወጥ ቤት ኮሚቴ፦ ተባረክ። እኔ ግን ወንድሜ ኪንግስተን የሚያውቀው ሰው አለ፣ በግማሽ ዋጋ መኪና እልካለሁ ብሎኛል።

የደለስ ሹፌር፦ ታርጋው ምን ዓይነት ነው?

የወጥ ቤት ኮሚቴ፦ ነጭ መሰለኝ።

የደለስ ሹፌር፦ አሁን ምን አልኩ!

ነርሷ፦ የልጅ ወንበር?

ጸሐፊ፦ ሐሙስ አለፈ። የበረራ ቁጥር የሰበሰበው የት አለ? ስልኩን አያነሣም።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጁ ቀብድም አልከፈለም።

ከባልቲሞር፦ ድምፅ ሊያሰጠን የነበረው እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለባልቲሞሩ ደውዬለት ተነጋግረናል። ስለ ቲሸርቱ የተባባልነው እዚያው ይቅር። የቢራው ነገር ግን ባለበት ነው።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ሳምንት ሙሉ ስለ ቢራ። አሁን እኔ ልናገር። ጃማይካ ድረስ ስንሄድ አንድ ሰው እንኳ ኪንግስተን የሚል አልጻፈም! ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን፣ ፓሊሳዶስ ኤርፖርት ሲያርፉ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። መውረድ አልቻሉም። ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን ለምኖ ነው መንገድ የተከፈተላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን እዚያ ተተከለች። ያቋቋሟት አባ ላእከ ማንደፍሮ ናቸው፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት። ካቴድራሏ ዛሬም ኪንግስተን ውስጥ አለች። ቅዳሴውን የሚሰሙት ጃማይካውያን ናቸው። እኛ ደግሞ እዚያ ድረስ ሄደን ገንዳ ዳር ተጋድመን ልንመለስ ነው? ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት። ዘንድሮ ሰኞ ትውላለች። አንድ ቀን ብንጨምር ምን ይለናል?

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ረቂቁ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ስለሚወስድ መኪና ነው።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ መኪናው ኪንግስተን መድረስ አይችልም?

የደለስ ሹፌር፦ ይችላል። ከኦቾ ሪዮስ ወደ ኪንግስተን ቻይናዎች የሠሩት የክፍያ መንገድ አለ፣ 2016 ላይ ያለቀ። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ግን ዳገቱ ከባድ ነው። ኮስተሩ አሮጌ ከሆነ ሞተሩ ያፈላል። የመንገዱ ክፍያም በመኪናው ዓይነት ነው፣ ዋጋው ውስጥ መግባቱ ይጠየቅ።

የወጥ ቤት ኮሚቴ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ጽዮንን አክብሬ ብመለስ ይሻለኛል። ለምግቡም አታስቡ። ራስታዎቹ አይታል የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ሥጋ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ወተት የለው። ለኛ የጾም ነው። ጀበናውን እኔ እይዛለሁ።

ከባልቲሞር፦ በዚህ እስማማለሁ። ንግሥ የሚሄድ መኪና ውስጥ ቢራ እንደማይኖር ተስፋ አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ኧረ ጌታዬ!

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ መንገዳችን ላይ ሴንት አንስ ቤይ አለች። ማርከስ ጋርቬይ የተወለደባት ከተማ ናት። ሐውልቱ ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ቆሟል። አሥር ደቂቃ ቆመን ፎቶ ብንነሣ ምን ይለናል?

ከላውረል፦ እዚያ ሽንት ቤት ካለ እኔም እደግፋለሁ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ደግሞ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ለቤተ ክርስቲያኗ የወርቅ ዘቦ ጥላ ብንወስድስ? ለመኪና ከምናወጣው ላይ ትንሽ ቢቀነስ ይበቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ከመኪናው ላይ ምን ይቀነሳል? መኪናው ገና አልተያዘም። የኪንግስተኑን ስንጨምር ዋጋው ይወጣል እንጂ አይወርድም። ከኪንግስተን ኤርፖርት የሚመለስ ሰው ካለ ደግሞ ደርሶ መልስ የተባለው ሂሳብ ፈረሰ ማለት ነው። እንደገና ሊጠየቅ ነው።

ነርሷ፦ እኔ ሰኞ ፈረቃ አለብኝ። ልጆቹም ትምህርት አላቸው። እሁድ ከሞንቴጎ ቤይ የሚመለስ ማን አለ?

ጸሐፊ፦ ሁለተኛው ረቂቅ። ረቡዕ ሞንቴጎ ቤይ እንገባለን። ኦቾ ሪዮስ እስከ ቅዳሜ። እሁድ ጠዋት ወደ ኪንግስተን። ሰኞ ንግሥ፣ ማታ ከኪንግስተኑ ኖርማን ማንሊ ኤርፖርት በረራ። እሁድ መመለስ ያለባቸው የራሳቸውን መኪና ይይዛሉ። ለጥላው በነፍስ ወከፍ 20 ዶላር መዋጮ፣ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው)። የሴንት አንስ ቤይ ፎቶ ገብቷል። መጠጥ፦ ውኃ። የኮስተሩ ቁጥር የሚወሰነው የበረራ ዝርዝር ሲመጣ ነው። የሚሰበስብ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለጥላው ከትናንት ጀምሮ 19 ሰው ከፍሏል። ለመኪናው ያው 12 ነው። ከነሱም ሁለቱ «ሰኞ ሥራ አለን፣ ቀብዱ ይመለስልን» ብለዋል። አይመለስም። ደንቡን አንብቡ።

ነርሷ፦ ለባሕር ዳርቻ እንጂ ለንግሥ የከፈለ የለም። እኔ ለንግሥ አልከፈልኩም። ይመለስልኝ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሰላም፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር። ቢራው ምን ደረሰ?

ጸሐፊ፦ የበረራ ቁጥሩስ?

የደለስ ሹፌር፦ ጥላው ርዝመቱ ስንት ነው? ጨርቁ ቢታጠፍም ዘንጉ አይታጠፍም። ሻንጣ ላይ ከተጋደመ የኮስተሩን መተላለፊያ ይዘጋል። አውሮፕላኑም እንደ ትልቅ ዕቃ ሊያስከፍልበት ይችላል።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ባልቲሞር ይያዘው። ቀጥታ በረራ ያለው እሱ ነው።

ከላውረል፦ እኛ መጠበቅ ሰልችቶን ለራሳችን ሚኒባስ ይዘናል። ታርጋው ቀይ መሆኑን አረጋግጫለሁ፣ የልጅ ወንበርም አለው። እሁድ ወደ ሞንቴጎ ቤይ ይመልሰናል። ሦስት ቦታ ትርፍ አለኝ። ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት አካባቢ የሚያርፍ ካለ በግል ይጻፍልኝ።

ነርሷ፦ ሁለቱን ያዥልኝ።

ከባልቲሞር፦ እኔ ስድስት ከሃምሳ ነው የማርፈው። ጥላው ይገባል?