ከ16 እስከ 30 የገባውን ወተት ስቆጥር የ30ኛው ቀን አይወጣም

የባሶናዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሶና ወራና ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ፣ በሚገኝ አንድ የወተት ህብረት ሥራ ማህበር የኮምፒውተሩን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። አባላት ጠዋትና ማታ ወተት ያስረክባሉ። ተቀባዩ ላክቶሜትር (ወተቱ ውሃ እንዳልገባበት የሚያሳይ መለኪያ) ነክሮ ያያል፣ ይለካል፣ ሊትሩን ካርዳቸው ላይ ይጽፋል። እዚያው በስልኩ ወደ ሲስተሙ ያስገባዋል፤ ሰዓቱም አብሮ ይመዘገባል። ክፍያ በወር ሁለቴ ነው፤ ከ1 እስከ 15 እና ከ16 እስከ 30።

ሲስተሙን የሠራው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሄዷል። በጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) የተሠራ ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ።

የጥቅምት ሁለተኛው ክፍያ ሲወጣ አንዲት እናት ካርዳቸውን ይዘው መጡ። ያለቻቸው አንድ ላም ናት። ጠዋት ማታ ሳያጓድሉ ያመጣሉ። ካርዳቸው ላይ 30 መስመር ተጽፏል፤ የክፍያ ወረቀቱ ላይ ግን 28 ነው የወጣው። «ልጄ፣ የሰላሳው ቀን ወተት የት ገባ?» አሉኝ።

ካርዱንና መዝገቡን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። የጎደለው የጥቅምት 30 ጠዋትና ማታ ነው። ዳታቤዙን ስከፍተው ግን ሁለቱም መስመሮች አሉ፣ ሰዓታቸውም ሊትራቸውም ትክክል ነው። ቆጠራው ብቻ ነው የማያያቸው። ሌሎቹን አባላት አየሁ፤ የአንዳቸውም 30 አልተቆጠረም። በህዳር የመጀመሪያ ክፍያ ውስጥ ገብቶ ይሆን ብዬ ፈለግኩ፤ እዚያም የለም። ጭራሽ የህዳር 15ም ጎድሏል።

ኮዱ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ይቀይራል። ጥቅምት 16፣ 2018 ኦክቶበር 26፣ 2025 ይሆናል፤ ጥቅምት 30 ደግሞ ኖቬምበር 9። ይህን በካላንደር አረጋግጫለሁ፣ ልክ ነው። ከዚያ የማስረከቢያ ሰዓቱን በ«ሬንጅ» ከ26 እስከ 9 ያጣራና «ካውንት» ያደርጋል። ሊትሩን የሚደምረውም በዚያው ማጣሪያ ነው። «ሬንጅ» ሁለቱንም ጫፍ ያካትታል አይደል የሚባለው? ታዲያ 9ን ለምን ይተወዋል?

ሰዎቹ ብራቸውን እየጠበቁ ነው። የአንድ ቀን ወተት ለእነሱ ቀላል ነገር አይደለም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

አሬርቲ

የመጨረሻውን ቀን ሰዓት 23:59:59 አድርጊው። እኔ ሁሌም እንደዛ ነው የማደርገው።

ከጣርማበር

ሰላም እህቴ። «ሬንጅ» ሁለቱንም ጫፍ ማካተቱ እውነት ነው። ጥያቄው ጫፉ የቱ ጋ ነው የሚለው ነው።

የማስረከቢያ ሰዓት ዓምዱ የያዘው ቀንና ሰዓት ነው። አንቺ የምትሰጪው ግን ቀን ብቻ ነው። ሰዓት የሌለው ቀን ሲሰጠው 00:00 ብሎ ይወስደዋል፤ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ «እስከ ኖቬምበር 9» ያልሽው ኖቬምበር 9 ገና ሲጀምር ያበቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የገባው ወተት ከዚያ በኋላ ስለሆነ አይቆጠርም። የማታውም እንዲሁ። ቀጣዩ ክፍያ ደግሞ ከኖቬምበር 10 ይጀምራል። ቀኑ በሁለቱ መሃል ወድቆ ቀረ። የጃንጎ ሰነድ ራሱ ስለዚህ ነገር ያስጠነቅቃል። በቀጥታ በዳታቤዙ ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል፣ «ቢትዊን» ብትጽፊውም ያው ነው።

መጨረሻ አድርገሽ ማግስቱን ስጪው፤ ማግስቱ ራሱ ግን አይካተት፦

ማስረከቢያ_ሰዓት >= ኦክቶበር 26
ማስረከቢያ_ሰዓት < ኖቬምበር 10

በጃንጎ የመጀመሪያው «ጂቲኢ»፣ ሁለተኛው «ኤልቲ» ነው። «ኤልቲኢ» እንዳትጽፊ፤ እኩል የምትለዋ ከላይኛው ጫፍ ላይ መኖር የለባትም።

ወንድሜ አሬርቲ ያልከው ለወተት ይሠራል፣ በእኩለ ሌሊት የሚያስረክብ ስለሌለ። እንደ ልማድ ግን አልመክረውም። ፖስትግሬስ ሰከንድን እስከ ሚሊዮንኛ ድረስ ከፋፍሎ ይይዛል። ከ23:59:59 ግማሽ ሰከንድ አልፎ የገባ መዝገብ ውጭ ይቀራል። እንደ እርሻ ድንበር እየው፤ የአንዱ ማሳ የሚያልቅበት መስመር የሌላው የሚጀምርበት ነው። አንድ መስመር ከሆነ የማንም ያልሆነ መሬት አይኖርም፣ የሁለት ሰው የሆነም አይኖርም።

ሰዓቱን ቆርጦ ቀኑን ብቻ ማወዳደር የሚሉም አሉ። ውጤቱ ትክክል ነው። ግን ዓምዱን በሌላ ፈንክሽን ስትጠቀልዪው ዓምዱ ላይ ያለው ተራ ኢንዴክስ (መስመር ቶሎ የሚገኝበት ማውጫ) አይሠራም፤ ዳታቤዙ ሁሉንም መስመር እያነሳ ያያል። የዓመታት መዝገብ ሲከማች ይከብድሻል።

ቆጠራውንም «ካውንት» ላይ ተዪው። አንዳንዱ ሁሉንም መስመር አምጥቶ በፓይተን «ሌን» ይቆጥራል፤ አንድ ቁጥር ለማግኘት ሺህ መስመር ማጓጓዝ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የጳጉሜን ወተት በየትኛው ክፍያ ነው የምትከፍሉት?

መሐል ሜዳ

ከጣርማበር ያለውን አረጋግጣለሁ። እኔ ያለሁት ጤና ጣቢያ ነው። የኛ ወርሃዊ ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ነው የሚሄደው። የመስከረሙ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ስለሆነ ጳጉሜን ጨምሮ 35 ቀን ይሆናል። ወር ሁሉ 30 ቀን ነው ብሎ የተጻፈ ኮድ እዚያ ላይ ይሰበራል።

ደግሞ የሰዓት ቀጠናውን እዪ። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ከኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው። ወተት ጠዋትና ማታ ስለሚገባ አይነካሽም። እኛ ጋ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተወለደ ልጅ በሰርቨሩ ሰዓት ገና በፊተኛው ቀን 23:00 ነው። የ21 ሌሊት ከሆነ ልጁ ካለፈው ወር ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የጃንጎው ቅንብር «አፍሪካ/አዲስ አበባ» መሆኑን አረጋግጪ፤ መነሻና መድረሻውንም ከነቀጠናው ስጪ።

የባሶናዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ቀየርኩት፣ የእናታችን 30 ሆኖ ወጣ። ቀጠናውም ትክክል ነው።

ጳጉሜ ከነሐሴ ሁለተኛ ክፍያ ጋር ነው የሚከፈለው። ኮዱ ግን የመጨረሻውን ቀን የሚያገኘው መነሻው ላይ 14 ቀን ደምሮ ነው። ስለዚህ ጳጉሜም ውጭ ነው የቀረው ማለት ነው?

አሁን የሚያስጨንቀኝ ያለፈው ነው። በየክፍያው አንድ ቀን ሲቀር በዓመት 24 ቀን ይሆናል። የማንን ስንት እንደቀረ እንዴት ላውጣው? ከሲስተሙ በፊት የነበረውን ደግሞ ከኤክሴል ልጭን አስቤያለሁ፤ ቀኑ በኛ ነው የተጻፈው፣ 30/2/2018 እንደሚባለው።

ሸዋ ሮቢት

ኤክሴሉን እንዳለ አትጫኚው! ኮምፒውተሩ ቀን/ወር/ዓመት ላይ ከተስተካከለ 16/2/2018 ብለሽ የጻፍሽውን ጥቅምት 16 የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 16፣ 2018 ነው ብሎ ይቀበለዋል። 29/2 እና 30/2 ላይ ሲደርስ ግን በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለሆነ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተዋቸዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። በቀን ስታጣሪ ጽሑፎቹ አይወጡም፣ ሌሎቹም ከሰባት ዓመት በፊት ይሄዳሉ። ቀን፣ ወርና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለያይተሽ እንደ ቁጥር ያዢ። ከዚያ በኮድ ወደ ፈረንጅ ቀይሪና ዓመቱን አስቀድመሽ ጻፊ፤ 2025-11-09 እንደማለት። እንዲህ ከሆነ ጽሑፍ ቢሆንም እንኳ በቅደም ተከተል ይደረደራል።

ከጣርማበር

አዎ፣ ጳጉሜም ቀርቷል። 14 መደመሩን ተዪው። የአንዱ ክፍያ መጨረሻ የቀጣዩ መነሻ ይሁን። የነሐሴው ሁለተኛ ክፍያ ከነሐሴ 16 ጀምሮ «ከመስከረም 1 በታች» ይሆናል፤ ዘንድሮ ከኦገስት 22 ጀምሮ ከሴፕቴምበር 11፣ 2026 በታች። ጳጉሜ ራሷ ትገባለች። በ2019 መጨረሻ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ ጳጉሜ 6 ስትሆንም ምንም የምትነኪው ነገር የለም።

ያለፈውን ለማውጣት እያንዳንዱ ማስረከቢያ ላይ «ክፍያ» የሚል ዓምድ ጨምሪ፣ ባዶ መሆን የሚችል። ከዚያ ለእያንዳንዱ የድሮ ክፍያ፣ በአሮጌው ማጣሪያ ተቆጥረው የተከፈሉትን መስመሮች ዓምዱ ላይ የዚያን ክፍያ ቁጥር ጻፊባቸው። አሮጌው ማጣሪያ ይሁን፣ አዲሱ አይደለም፤ በእርግጥ የተከፈለውን የሚያሳይሽ እሱ ነው። ባዶ ሆነው የቀሩት በሙሉ ያልተከፈሉ ናቸው። በአባል መድበሽ ቁጠሪ፣ ሊትሩንም ደምሪ፤ የ15ኛው፣ የ30ኛውና የጳጉሜ ቀናት እዚያ ይወጡልሻል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የጥቂት አባላትን ካርድ አስመጥተሽ አመሳክሪ።

ከዚህ በኋላም የምትከፍዪው «ክፍያው ባዶ የሆነና ማስረከቢያው ከመድረሻው በታች የሆነ» ይሁን። መነሻ ቀን አያስፈልግሽም። የተቀባዩ ስልክ ኔትወርክ አጥቶ የ29ኛውን ወተት ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ቢልከው እንኳ በሚቀጥለው ክፍያ ይያዛል።