የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ኮሌጅ ከገቡ በኋላ ይሻሻላል ወይ?

ነርሲንግ 2ኛ ዓመት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሌክቸር ይገባኛል፣ ስናገርም ደህና ነኝ፣ ጻፊ ስባል ግን አለቀልኝ። ባለፈው ኬዝ ሪፖርት ላይ ዳያሪያን (ተቅማጥ) በአንድ ገጽ 3 አይነት አድርጌ ጽፌው መምህሩ በቀይ አክብቦ መለሰልኝ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ስልክ ላይ ራሱ ያስተካክልልኛል፣ ወረቀት ላይ ነው ችግሩ። በልጅነት ያልያዘ ሰው አሁን ይችላል? ምን ላድርግ?

መምህርት፦ አይዞሽ እህቴ፣ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም። በፊደላችን የሰማነውን ነው የምንጽፈው፣ ብንሳሳት ሀና ሐ፣ ሰና ሠ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን የቃሉንም ዘር ይዞ ነው የሚጻፈው፣ ሳይን (መፈረም) ውስጥ ያለችው ጂ አትሰማም፣ ሲግኔቸር ስትዪ ግን ትሰማለች። ደግሞ 12ኛ ክፍል ድረስ ፈተናው ምርጫ ማጥቆር ስለሆነ አንድ ፓራግራፍ በወጉ ሳይጽፍ ኮሌጅ የሚደርስ ብዙ ነው፣ ዓይናችሁ ቃሉን ያውቀዋል እጃችሁ አያውቀውም።

ፋርማሲስት፦ ዳያሪያ ላይ ሁለት አር ከዛ ኤች ነው። መጨረሻው ከግሪክ የመጣ ነው፣ መፍሰስ ማለት ነው፣ ጎኖሪያም (ጨብጥ) አሜኖሪያም (የወር አበባ መቅረት) እንደዛው ናቸው አንዱን ከያዝሽ ሌሎቹ ይከተላሉ። ከኤቹ ቀጥሎ እንግሊዞች ኦ ይጨምራሉ አሜሪካኖች ይተዋሉ፣ ከሁለቱም አገር መጽሐፍ ስለምናነብ ከጻፍሻቸው ሦስቱ ሁለቱ ልክ ሊሆኑም ይችላሉ፣ አንዱን መርጠሽ በሱ ጽኚ። የመድኃኒት ስም ላይ ግን አደራ፣ ሃይድራላዚን ለደም ግፊት ነው፣ ሃይድሮክሲዚን ለማሳከክ፣ ጥቂት ፊደል ናት የምትለያቸው።

የጅማው ልጅ፦ እኔ በኦሮምኛ ነው የተማርኩት። ቁቤ ላይ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ማለት ነው፣ ኤክስ ጠ ነው፣ ሲ ጨ ነው፣ ድምፅ ሲረዝም አናባቢው ይደገማል፣ ስለዚህ 1ኛ ዓመት ላይ ያለቦታው ኢ ስደግም ነበር የኖርኩት። የጠቀመኝ ጓደኛዬ በየማታው 10 ቃል እያነበበልኝ መጻፌ ነው፣ የሳትኩትን እያየሁ አልገለብጥም፣ አይቼ ሸፍኜ ነው ደግሜ የምጽፈው።

ነርሲንግ 2ኛ ዓመት፦ ተባረኩ! አሁን ወረቀት አውጥቼ ጎኖሪያን ሳላይ ጻፍኩት፣ ልክ ሆነ። የስልኩን ማስተካከያስ ላጥፋው?

መምህርት፦ ኖት ስትይዢ አጥፊው። አሳይንመንት ስታስገቢ ክፈቺው፣ ግን ቀይ መስመር ስታዪ ቶሎ አትንኪው፣ መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪ።