የማንሃተን ድልድይ ሲጠገን ግራንድ ስትሪት በየት ይደረሳል?

ጥያቄ (አዲስ ተከራይ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ብሩክሊን ኮርትልዩ ሮድ ጣቢያ አጠገብ ቤት ልከራይ ነው። ሥራዬ ማንሃተን፣ ግራንድ ስትሪት ጣቢያ ጎን ነው፤ ቅዳሜና እሁድም እገባለሁ። ድልድዩ ሲጠገን ኪው (Q) የሚባለው የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር በዋሻ ይዞራል፣ ዲ (D) የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ግራንድ ስትሪት አይደርስም ይሉኛል። በአንድ ድልድይ ጥገና ይህ ሁሉ መስመር ለምን ይናጋል? እኔስ በየት ልሂድ?

መልስ (ዴካልብ)፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚዘጋው የትኛው ጎን እንደሆነ እይ። ድልድዩ ላይ አራት ሀዲድ አለ። በሰሜን ጠርዝ ያሉት ሁለቱ ቢን እና ዲን ወደ ግራንድ ስትሪትና 6ኛ አቬኑ፣ በደቡብ ያሉት ኤንን እና ኪውን ወደ ካናል ስትሪትና ብሮድዌይ ይወስዳሉ።

ደቡቡ ከተዘጋ ኪው ከዴካልብ አቬኑ ጣቢያ በወንዙ ሥር ወደሚያልፈው ሞንታግ ዋሻ ገብቶ በአር ሀዲድ በጄይ ስትሪት፣ በኮርት ስትሪት፣ በኋይትሆል ይዞራል። አንተ አትዙር። አትላንቲክ አቬኑ ላይ ወርደህ በውስጥ መተላለፊያው ወደ ዲ ተሻገር፤ በቀን የሚቀጥለው ማቆሚያ ግራንድ ስትሪት ነው። ሰሜኑ ከተዘጋ ግን ዲን እርሳው፤ ብዙ ጊዜ በኤፍ መስመር ነው የሚሄደው። ከኪው ሳትወርድ ካናል ስትሪት ድረስ ሂድና ወደ ምሥራቅ በእግርህ ሩብ ሰዓት ያህል ነው።

መልስ (የሀዲድ ሰው)፦ ለምን ይናጋል ላልከው፦ ድልድዩ በ1909 ሲከፈት ሀዲዱ የተቀመጠው መሃል ላይ ሳይሆን ጠርዝ ላይ ነው። ባቡር በገባ ቁጥር ያ ጎን ይሰምጣል፣ ድልድዩም ይጠማዘዛል። ይህ ለአሥርተ ዓመታት ሲደጋገም የወለሉን ብረት ሰነጣጠቀው። ከ1986 ጀምሮ አንዱ ጎን ሲከፈት ሌላው እየተዘጋ ቆየ። ጁላይ 22 ቀን 2001 ሰሜኑ ሲዘጋ ቢ እና ዲ ከብሩክሊን ቀሩ፤ ደብልዩ የሚባል አዲስ መስመር ተፈጠረ፤ ለግራንድ ስትሪት የቀረላት አጭር ማመላለሻ ብቻ ነበር። አራቱም ሀዲድ አብረው የተከፈቱት ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2004 ነው። ያኔ ቢ እና ዲ በብሩክሊን መስመር ተለዋወጡ፦ በሰፈርህ በሚያልፈው የብራይተን ሀዲድ ይሄድ የነበረው ዲ ወደ ሌላው የብሩክሊን ሀዲድ ወደ ዌስት ኤንድ፣ የዌስት ኤንዱ ቢ ወደ ብራይተን። ዛሬ ሰፈርህን አቋርጦ የሚያልፈው ቢ የዚያ ለውጥ ውጤት ነው፤ ኮርትልዩ ሮድ ግን አይቆምም፣ ቅዳሜና እሁድም የለም።

መልስ (ካናል)፦ ስትመለስ ተጠንቀቅ። ካናል ስትሪት ላይ ኪው በድልድይ ሲሄድ ከታች ካለው ፕላትፎርም ነው የሚነሳው፤ በዋሻ ሲሄድ ግን ከአር ጋር በብሮድዌይ ሥር ካለው። ታች ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ባቡሩ ከላዩ ያልፈዋል። የዋሻው ሀዲድ ደግሞ በየአቅጣጫው አንድ ብቻ ነው። አር፣ ኤን እና ኪው እያንዳንዳቸው በየ10 ደቂቃው ቢመጡ በሰዓት 18 ባቡር እዚያው ይገባል፤ አንዱ ሲዘገይ ሦስቱም ይቆማሉ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እኩለ ሌሊት ካለፈስ?

መልስ (ዴካልብ)፦ ያኔ ዲ ዴካልብም ይቆማል። ስትሄድ ከኪው እዚያ ውረድና ፕላትፎርሙን ሳትለቅ ዲን ጠብቅ፤ ደረጃ መውጣት የለብህም።