«ስኮላሪቴ» ስኮላርሺፕ አይደለም ወይ? ለፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት የሚያስፈልጉ ቃላት

ጥያቄ፦ ተጓዥ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው መስከረም ግሬኖብል ከተማ በፈረንሳይኛ የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት ለመጀመር ቅበላ አግኝቻለሁ። ቋንቋውን አዲስ አበባ ውስጥ ለሁለት ዓመት ተኩል ተምሬያለሁ፤ የሚጠየቀውንም የዴልፍ ፈተና አልፌያለሁ። ይሁንና ከዩኒቨርሲቲው የመጣልኝን ደብዳቤ ሳነብ «ፍሬ ደ ስኮላሪቴ» የሚል ሐረግ አጋጠመኝና «ፍሬ»ን ከእንግሊዝኛው «ፍሪ»፣ «ስኮላሪቴ»ን ደግሞ ከ«ስኮላርሺፕ» ጋር አዛምጄ ነጻ የትምህርት ዕድል ተሰጠኝ ብዬ ለቤተሰቤ አበሠርሁ። ከሐረጉ ጎን የተጻፈው የዩሮ መጠን የሚከፈለኝ ሳይሆን የምከፍለው መሆኑን የተረዳሁት እናቴ ጎረቤት ጠርታ ቡና ካፈላች በኋላ ነው።

መማሪያ መጽሐፌ ስለ ደብተር፣ ስለ እርሳስና ስለ ጥቁር ሰሌዳ በሚገባ አስተምሮኛል። በግቢ ውስጥ፣ በፈተና ሰሞንና በጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት የሚነገሩትን ቃላት ግን አላውቃቸውም። በተለይ እንግሊዝኛ የሚያውቅን ሰው የሚያሳስቱትን ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ነዋሪ ዘሊዮን

እኅቴ፣ የተሳሳትሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔ ሊዮን በገባሁ ሰሞን «ሊብሬሪ» የሚል ጽሑፍ በር ላይ አይቼ ላይብረሪ መስሎኝ ላጠና ገባሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ካነበብሁ በኋላ ባለቤቱ መጥቶ የትኛውን መጽሐፍ እንደምገዛ በትሕትና ጠየቀኝ። «ሊብሬሪ» መጽሐፍ መሸጫ ነው። ቤተ መጻሕፍት «ቢብሊዮቴክ» ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪው «ቤ ዩ» ብሎ ያሳጥረዋል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ «ፍሬ» ወጪ ወይም ክፍያ ማለት ነው፤ «ስኮላሪቴ» ደግሞ ተማሪ ሆኖ መመዝገብንና መማርን ያመለክታል። ስለዚህ «ሰርቪስ ደ ላ ስኮላሪቴ» የኛ ሬጅስትራር ነው፤ «ሰርቲፊካ ደ ስኮላሪቴ» ደግሞ የተመዘገብሽ ተማሪ መሆንሽን የሚያረጋግጠው ወረቀት ሲሆን ቤት አከራዩም፣ ባንኩም፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠውም ክፍል ስለሚጠይቁሽ ደጋግመሽ ማተም ይኖርብሻል። አንቺ የፈለግሽው ስኮላርሺፕ «ቡርስ» ይባላል፤ ቃሉ በጥሬው የገንዘብ ከረጢት ማለት ነው።

ምዝገባ ሁለት ጊዜ መሆኑን አትርሺ። የመጀመሪያው «ኤንስክሪፕሲዮን አድሚኒስትራቲቭ» ገንዘብ ከፍለሽ የተማሪ መታወቂያ የምትቀበዪበት ነው፤ ከእርሱ አስቀድሞ «ሴቬክ» የሚባለውን፣ ከ2018 ጀምሮ የተደነገገውን የተማሪዎች መዋጮ ከፍለሽ ማረጋገጫውን መያዝ አለብሽ። ሁለተኛው «ኤንስክሪፕሲዮን ፔዳጎዢክ» የምትወስጃቸውን ኮርሶችና የምትመደቢበትን ቡድን የሚወስነው ነው። ብዙ የውጭ ተማሪ የመጀመሪያውን ጨርሶ «ተገላገልሁ» ይላል፤ ከዚያም የፈተና ዝርዝር ሲለጠፍ ስሙን ያጣዋል።

ትምህርቱ ራሱ ሁለት መልክ አለው። «ሴ ኤም» በትልቅ አዳራሽ፣ ማለትም በ«አምፊ» ውስጥ የሚሰጥ ሌክቸር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የቀረ ሰው አይቆጠርበትም። «ቴ ዴ» ግን በትንሽ ክፍል መልመጃ የሚሠራበት ነው፤ እዚያ «ፈይ ደማርዥማን» የሚባል ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንቺም ከስምሽ ትይዩ ትፈርሚያለሽ። ይህችን ወረቀት ንቀሽ እንዳታልፊያት። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ በቂ ምክንያት ከፈተና የቀረ ተማሪ «ዴፋያን» ተብሎ ይመዘገባል፤ ይህም ከዜሮ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ዜሮ ከሌላ ውጤት ጋር ተደምሮ ሊካካስ ሲችል፣ «ዴፋያን» የሆነ ሰው ግን አማካዩ ጨርሶ አይሰላለትም።

ከሁሉም በላይ «ፓሴ» የሚለውን ግሥ ተጠንቀቂው። እኔ የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ውጤት አይቼ ደስ ብሎኝ ለክፍል ጓደኛዬ «ዤ ፓሴ ሌግዛማን» አልሁት። እርሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በርታ፣ ውጤቱ መቼ ይወጣል?» አለኝ። «ፓሴ» መፈተን እንጂ ማለፍ አይደለምና። አለፍሁ ለማለት «ዤ ሬዩሲ» ትያለሽ፤ ወደቅሁ ለማለት «ዤ ራቴ»፤ የድጋሚ ፈተና «ራትራፓዥ» ነው።

ውጤት የሚሰጠው ከ20 ነው። 10 ያገኘ «ሟየን» አለው፣ አለፈ ማለት ነው። 12 «አሴ ቢያን»፣ 14 «ቢያን»፣ 16 ደግሞ «ትሬ ቢያን» የሚል ማዕረግ ያሰጣል። ከ100 ለሚቆጥር ሰው 14 ሰባ ብቻ ስለሚመስለው ያዝናል፤ እዚያ ግን 14 ይዞ ወደ ቤቱ የሚደውል ሰው ይመረቅለታል።

በማስተርስ የምትጽፊው ጽሑፍ «ሜምዋር» ነው፤ «ቴዝ» ለዶክትሬት ብቻ ነው። ሜምዋርሽን በኮሚቴ ፊት የምታቀርቢበት ቀን «ሱትናንስ» ይባላል። «ስታዥ» ከመድረክ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በድርጅት ወይም በቤተ ሙከራ የሚደረግ የሥራ ልምምድ ነው።

መልስ 2፦ የሁለት ልጆች አባት

ቀዳሚው ወንድማችን የዩኒቨርሲቲውን ስላዳረሰው፣ ልጅ ይዘው ለሚመጡ ብቻ ጥቂት ልጨምር። «ኮሌዥ» ኮሌጅ አይደለም፤ ከ11 ዓመት ገደማ ጀምሮ አራት ዓመት የሚማሩበት ደረጃ ነው። ከእርሱ በኋላ ሦስት ዓመት «ሊሴ» አለ። የክፍሉ ቁጥር ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ ኮሌዥ የሚጀመረው በ«ሲዚዬም»፣ ማለትም በስድስተኛ ሲሆን ወደ አምስተኛ፣ አራተኛ እያለ ይወርዳል፤ ሊሴ ላይ ከአንደኛ ቀጥሎ «ቴርሚናል» ይመጣል። ልጄ በደስታ «ዘንድሮ አምስተኛ ነኝ» ስትለኝ ባለፈው ዓመት ስድስተኛ እንደነበረች አስታውሼ ክፍል ደግማ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። በመጨረሻ የሚፈተኑት «ባካሎሬያ» በናፖሌዎን ዘመን፣ በ1808 የተመሠረተ ነው፤ ያንን ያለፈ ልጅ «ባሽልዬ» ይባላል እንጂ ዲግሪ አልያዘም። ዲግሪው ከሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በኋላ የሚገኘው «ሊሳንስ» ነው።

መልስ 3፦ ጡረተኛ የፈረንሳይኛ መምህር

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በብዙ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ያየሁት፣ የኛ ተማሪዎች ፈረንሳይኛን በእንግሊዝኛ በር ለመግባት ሲሞክሩ ነው፤ አማርኛ አጭር መንገድ በሚያሳያቸው ቦታ ሳይቀር። «ስታዥ፣ ኮሌዥ፣ ራትራፓዥ» ላይ በእንግሊዝኛ ልማድ «ጅ» ይላሉ፤ ፊደላችን ግን «ዠ»ን ከነቤተሰቡ ይዞ ተቀምጧል። ደግሞም ሳታውቂው የያዝሻቸው ቃላት አሉ። «ቢሮ»ና «ዶሴ» ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው፤ እዚያም ቢሮ ሄደሽ ዶሴሽን ታስገቢያለሽ። ለመኖሪያ ካርድሽ የምትገዢውም «ቴምብር» ይባላል። «ሊሴ»ንም የአዲስ አበባ ሰው በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተከፈተው በሊሴ ገብረ ማርያም በኩል አስቀድሞ ያውቀዋል።

በቀጠሮም አማርኛሽ ይረዳሻል። መምህሩ «ዳን ዊ ዡር» ካለ በጥሬው በስምንት ቀን ማለቱ ነው፤ ትርጉሙ ግን ልክ እንደ እኛው «የዛሬ ስምንት» ሳምንቱን ጠብቆ በዚያው ዕለት መገናኘት ነው። «ዳን ካንዝ ዡር»ም የዛሬ አሥራ አምስት ነው፤ ሁለት ሳምንት እንጂ አሥራ አምስት ቀን በጣት ተቆጥሮ አይደለም። በሰዓት ግን አማርኛሽን ቤት ትተሽ ሂጂ፤ «14 ሰዓት» የተባለው ፈተና በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። «8 ሰዓት» ከተባለ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን አስቢ። በዚህ ምክንያት ከፈተና የቀረ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ስም። ቅጹ ላይ «ኖም» የሚለው የቤተሰብ ስም፣ «ፕሬኖም» የሚለው ያንቺ መጠሪያ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በ«ኖም» ቦታ በፓስፖርትሽ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም የሰፈረው የአባትሽ ወይም የአያትሽ ስም ይገባል፤ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ስም ሲጠራ «ማዳም» ተብሎ የአባትሽ ስም ሲከተል፣ አባቴ መጡ እንዴ ብለሽ ዞረሽ አትፈልጊ፤ «ፕሬዛንት» ብለሽ መልሺ።

ተጓዥ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሜምዋሬን ለሚመሩልኝ ፕሮፌሰር የመጀመሪያውን ኢሜይል ስጽፍ «ዶክተር» ብዬ በስማቸው ልጥራቸው ወይስ ሌላ አጠራር አለ?

ጡረተኛ የፈረንሳይኛ መምህር፦

ልጄ፣ «ዶክተር» በዚያ አገር የሚባለው ሐኪም ነው፤ በመጠሪያ ስም መጥራትም ለማያውቁሽ ሰው ድፍረት ይሆናል። ወንድ ከሆኑ «ሙስዩ»፣ ሴት ከሆኑ «ማዳም» ብለሽ ስም ሳትጨምሪ ነጠላ ሰረዝ አድርጊና መስመር ዝለዪ። ከዚያ «ዠ መ ፔርሜ ደ ቩ ዜክሪር ኦ ሱዤ ደ» ብለሽ ጉዳይሽን አስከትዪ፤ «ስለዚህ ጉዳይ ልጽፍልዎ ደፍሬያለሁ» እንደማለት ነው። «ቩ» የኛ «እርስዎ» ስለሆነ አይከብድሽም። ከተማሪዎች ጋር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ቱ» በዪ፤ በእኩዮችሽ መካከል «እርስዎ» ካልሽ ይስቁብሻል። መዝጊያው «ቢያን ኮርዲያልማን» ቢሆን ይበቃል፤ ከሥሩ ፕሬኖምሽን አስቀድመሽ ኖምሽን አስከትዪ፣ ከጎኑም የተማሪ ቁጥርሽን ጻፊ።