ጠዋት ሰማያዊ የሚያጨስ ሞተር፦ ይውረድ ወይስ አይውረድ?

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ባለ 1 ሊትርና ባለ ሦስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያላት መኪናዬ አድራ ስትነሳ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ለአፍታ ታወጣለች፤ ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን በማርሽ ይዤ ወርጄ ታች ነዳጅ ስሰጣትም ጭሱ ይመለሳል፣ ዳገት ስትወጣ ግን አይታይም። የመካከለኛው ሲሊንደር ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጫፉ በዘይት ርሷል። መካኒኩ ሞተሩ ወርዶ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየር ይላል፤ እኔ ግን፣ ፋሻ ቢሆን ኖሮ ዳገት ላይ ይብስ ስለነበር፣ የደረቀው የቫልቭ ዘይት መያዣ ጎማ ይመስለኛል (ወጪውን ፈርቼም ይሆናል)። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይወርድ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብቶ ቫልቮቹን በመደገፍ ጎማውን መቀየር ያዋጣል? ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ተለክቶ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ ሲደገም ካልጨመረ ፋሻው ደህና ነው ማለት ይቻላል? አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነችና አየሯም ስስ ስለሆነ፣ ልኬቱ ከመመሪያው ምን ያህል ቢያንስ ጤናማ ነው?