ክርክር፦ የፍሬደሪክስበርግ ውል በእርግጥ «ያልፈረሰ» ነው?

መነሻ፦ ፍሬደሪክስበርግ ጀርመናውያን ስደተኞች በ1846 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ ውስጥ የቆረቆሯት የገበሬ ከተማ ናት። በ1847 ከኮማንቼዎች (ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው) ጋር የገቡት ውል «ከቶ ያልፈረሰ» እየተባለ ይወደሳል። ይገባዋል?

ባለሰነዱ፦ ይገባዋል እንጂ! የሰፋሪዎቹ መሪ ሞይዘባህ ራሱ ሳን ሳባ ወንዝ ድረስ ሄዶ ከአለቆቹ ጋር ተነጋገረ። ቃሉ ግልጽ ነው፤ የ3,000 ዶላር ስጦታ ይሰጣል፣ ጀርመኖቹ ከላኖ ወንዝ ማዶ መሬት ያስለካሉ፣ ኮማንቼዎቹም ያለ ሥጋት ከተማ ይገባሉ። ሜይ 9 ተፈረመ፤ ሁለቱም ወገን ጠበቀው።

ቀያሹ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ሰፋሪዎቹን ያሰባሰበው የጀርመን መኳንንት ማኅበር ለባለትዳር 320፣ ለላጤ 160 ኤከር ቃል ገብቶ ነው ከአገራቸው ያመጣቸው። መሬቱ ግን ከላኖ ማዶ፣ ኮማንቼዎች በሚያድኑበት ምድር ነበር። ስለዚህ መንገድ ላይ ከተማ ተቀይሶ ለጊዜው ግማሽ ኤከር የቤት ቦታና 10 ኤከር እርሻ ታደለ። 10 ኤከር በእኛ 16 ጥማድ ገደማ ነው፤ ዝናቡ በማይታመንበት፣ ድንጋዩ በበዛበት ኮረብታ ከብት ለሚያረባ ቤተሰብ አይበቃም። ውሉ ያስፈለገው የላኖን ማዶ ለመክፈት ነበር። ሆኖም እዚያ ከተመሠረቱት መንደሮች ቤቲና በዓመቷ ተበተነች፤ የዘለቀችው ካስቴል ናት። ገበሬው በከተማዋ ዙሪያ መሬት እየገዛ ወጣ። ገበሬው ከተማ ሲመጣ የሚያድርባቸው «የእሑድ ቤት» የሚባሉት ትንንሽ ቤቶች የመጡትም ከዚህ ነው፦ ከታች አንድ ክፍል፣ ከላይ ቆጥ፣ መሰላሉ በውጭ በኩል። ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወደ እርሻ።

ታሪክ ወዳዷ፦ የኮማንቼዎቹን ነገርስ ማን ያንሣ? የፈረሙት ፔናቴካ የሚባለው ወገን አለቆች ናቸው፤ ሌላው ኮማንቼ በውሉ የለበትም። የአሜሪካ መንግሥትም ፈራሚ አልነበረም። በ1855 ከፔናቴካዎች ከፊሉ በብራዞስ ወንዝ ገባር ዳር ከ18,000 ኤከር ጥቂት በሚበልጥ ክልል ተወሰኑ፤ ያ ሁሉ ምድር ወደዚያ ጠበበ። በ1859 ደግሞ ከዚያም ተነቅለው ከቴክሳስ ውጭ፣ ከቀይ ወንዝ ማዶ ተሰደዱ።

ባለሰነዱ፦ ያን ያደረጉት ጀርመኖቹ አይደሉም።

ታሪክ ወዳዷ፦ ልክ ነህ። ግን ውሉ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኑሩ ብሎ ነበር፤ አንደኛው ወገን ከምድሩ ከተነቀለ በኋላ የትኛው ውል ነው የሚፈርሰው?

ባለሰነዱ፦ እሺ፣ «በፈራሚዎቹ መካከል ያልፈረሰ» እንበለው፤ 1859ም ከጎኑ ይጻፍ። ሞይዘባህ ራሱ ሄዶ መደራደሩን ግን አላስነካም።